ስለ ፀሐይ ኃይል ማመንጫ ቦታ አመራረጥና አደላደል፤ ለሆሳዕናና ለሀዲያ ለከምባታም ከተሞች ሹማምንት የቀረበ መግለጫ

ክቡራን የዞንና የወረዳ አስተዳዳሪዎች፥ የከተማ ከንቲባዎች፥ የቀበሌ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች፤

ከፀሐይ ብርሃን የኤሌክትሪክ ኃይል የማውጣት ሥራ በዓለም ሁሉ እየሰፋ ሄዷል። በአገራችንም መንግሥት የፀሐዩን ኃይል ከግድቦች ኃይል ጋራ አጣምሮ ሊጠቀምበት አስቦ ከውጭ ኩባንያዎች ጋራ ውል እስከ መዋዋል ደርሶ ነበር። እንግዲህ ቦታ ይሰጠኝ የሚል ጠያቂ ወደ ሆሳዕና፥ ወደ ዱራሜ፥ ወደ ሾኔ ወይም ወደ ሺንሺቾ ጽሕፈት ቤት በመጣ ጊዜ፥ ሹሙ ምን መመለስ እንደሚገባው አስቀድሞ ያውቅ ዘንድ ይህ መግለጫ ተዘጋጅቷል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ስለ ቦታ የሚወሰን ደንብ መልካም የሚሆነው ጠያቂው ሳይመጣ ሲወሰን ነው። ጠያቂው ከመጣ በኋላ የሚወጣ ደንብ ግን ወይ ለእርሱ የሚያደላ ወይም እርሱን የሚያባርር ይሆናልና፥ ሁለቱም ለአገር አይጠቅሙም።

የመግለጫው ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ሰሌዳው በመጀመሪያ በጣሪያ ላይ፥ ቀጥሎም ለእርሻና ለግጦሽ በማይሆን መሬት ላይ ይታሰብ፤ እንሰትና እህል ያለበት መሬት ግን በመጨረሻ ይታይ። ደግሞም የግንባታው ገንዘብ በእርግጥ መኖሩ ሳይታወቅ አንዲት የእንሰት እግር እንኳ አትነቀል።

አንደኛ፤ ነገሩ ምን እንደ ሆነና ምን ያህል መሬት እንደሚይዝ

የፀሐይ ማመንጫ ማለት ሕዝቡ ሶላር የሚላቸው፥ ብርሃን ሲያርፍባቸው ኤሌክትሪክ የሚያወጡ ሰሌዳዎች በብረት እግር ላይ በረድፍ በረድፍ ተተክለው የሚገኙበት ስፍራ ነው። ከሰሌዳዎቹ የሚወጣው ኃይል ኢንቨርተር በሚባለው መሣሪያ ተለውጦ፥ በትራንስፎርመር ከፍ ተደርጎ ወደ መሥመሩ ይገባል። ጭስ የለውም፥ ነዳጅ አይፈልግም፥ ከግድብ ይልቅ ፈጥኖ ይሠራል። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛው ሌሊት አለመሥራቱና በክረምት ደመና ሲበዛ መቀነሱ ነው። ሁለተኛውና ለሹማምንት ይልቁንም የሚያሳስበው፥ ሰፊ መሬት መያዙ ነው።

1 ሜጋ ዋት ኃይል ለመትከል፥ በረድፎቹ መካከል የሚተወው መተላለፊያና የአጥሩ ዙሪያ ተጨምሮ፥ 2 ሄክታር ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ 100 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሥራ 200 ሄክታር ያህል ይይዛል ማለት ነው። በቀድሞው የመሬት ልክ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ስለ ነበረ፥ ይህ 5 ጋሻ መሆኑ ነው።

5 ጋሻ መሬት በሰፊው ቆላ ብዙ ላይመስል ይችላል፤ በከምባታና በሀዲያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በያኔው የከምባታ ጠምባሮ ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 500 ያህል ሰው፥ በሀዲያ ዞን ደግሞ 340 ያህል ሰው ተገኝቷል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 100 ሄክታር ነውና፥ በዚያን ጊዜው ቍጥር እንኳ ብንሄድ 200 ሄክታር መሬት በከምባታ 1,000 ያህል ሰዎችን፥ በሀዲያም 680 ያህል ሰዎችን ይነካል። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ጨምሯልና የዛሬው ቍጥር ከዚህ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ይህን ስሌት እያንዳንዱ ሹም በእጁ ይያዘው፤ ጠያቂው ስለ ሜጋ ዋት ሲናገር ሹሙ ስለ ቤተ ሰብ መቍጠር ይገባዋልና።

ሁለተኛ፤ በዚህ አገር ባዶ የሚባል መሬት ስለ መኖሩና ስላለመኖሩ

በሀዲያና በከምባታ በብዙ ስፍራ የአንድ ቤተ ሰብ ይዞታ ግማሽ ሄክታር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። በዚህች መሬት ላይ መጀመሪያ ቤቱ፥ በቤቱ ዙሪያ እንሰቱ፥ ከእንሰቱ ቀጥሎ ቡናው ወይም አትክልቱ፥ ከዚያም ወዲያ ስንዴው፥ ገብሱ፥ ባቄላው፥ በቆላማው በኩልም በቆሎውና ጤፉ ይከተላል። በሀደሮ በኩል ዝንጅብል ይመረታል፤ በዶዮገና በኩል የታወቀው የበግ ርቢ አለ።

እንሰት ከተተከለ በኋላ እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። በየዓመቱ በከብት ፍግ ይረባል፥ ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዛወራል፥ ሲደርስም ቆጮው፥ ቡላውና አምቾው ይወጣል። ለያሆዴ በዓል በሀዲያ ቤት የሚቀርበው አተካና ከቡላ የሚሠራ መሆኑን የማያውቅ የለም። ዝናብ በቀረበት ዓመት እህል ሲጠፋ እንሰቱ ቆሞ ይገኛል፤ ስለዚህ እንሰት ለዚህ ሕዝብ የጓሮ ጎተራ ነው። እህል የሚዘራበት መሬት ቢወሰድ በሌላ መሬት በዓመቱ ይዘራል። የተነቀለ የእንሰት ጓሮ ግን በሌላ ስፍራ እንደ ገና ምግብ እስኪሰጥ ድረስ ቤተ ሰቡ አራትና አምስት ዓመት ያለ ጎተራ ይቀመጣል። በከምባታና በሀዲያ የሚወጣ ማናቸውም የቦታ ደንብ ከዚህ ነገር መነሣት አለበት።

ሰው የማይታይበት ስፍራም ሁሉ ባዶ አይደለም። በሻሸጎ በኩል ቢላቴ የሚያጠጣው የቦዮ ረግረግ ሜዳ በበጋ ሲታይ ለጥ ያለ፥ ዛፍ የሌለበት፥ ለሰሌዳ የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን በክረምት ውሃ የሚተኛበት፥ በበጋ ከብት የሚሰማራበት፥ ብርቅ የሆኑ ወፎችም የሚያርፉበት ነው። እንዲሁም ገደላማው የተራራ ወገብ፥ ለምሳሌ በአምባሪቾ ዙሪያ ያለው፥ ሰሌዳ ቢተከልበት ጎርፍ የሚበረታበት ነው። ከሰሌዳው ጫፍ የሚወርደው ውሃ ከቆርቆሮ ጣሪያ እንደሚወርደው በአንድ መሥመር ስለሚፈስ፥ በተዳፋት ላይ ቦይ ቈፍሮ ከበታች ያለውን የገበሬ ማሳ ያጥባልና።

ሦስተኛ፤ እስካሁን ከተደረጉት ውሎች የሚገኘው ትምህርት

በአገራችን ለትልቅ የፀሐይ ማመንጫ ከተመረጡት ስፍራዎች ሦስቱን እንጥቀስ። በመተሐራ 100 ሜጋ ዋት እንዲሠራ የኢጣልያው ኤኔል ግሪን ፓወር ከኢትዮጵያዊው ኦርኪድ ቢዝነስ ግሩፕ ጋራ ሆኖ በ2010 ዓ.ም. በጨረታ ማሸነፉ ተነገረ፤ ወጪው 120 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደሚሆን፥ በዓመትም 280 ጊጋ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል እንደሚሰጥ ተገልጾ ነበር። በሶማሌ ክልል በጋድና በአፋር ክልል በዲቼቶ ደግሞ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሚሰጡ ሁለት ማመንጫዎች እንዲሠራ የሳዑዲው አክዋ ፓወር በ2012 ዓ.ም. ተመርጦ ውል ተፈረመ። የቀረበውም ዋጋ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ስለ ነበረ በአፍሪካ ዝቅተኛ ከተባሉት ዋጋዎች አንዱ ሆኖ ነበር።

ከነዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፥ ሦስቱም ስፍራዎች ቆላና ሜዳ፥ ፀሐይ የበዛባቸውና ሕዝብ የሳሳባቸው መሆናቸው ነው። ትልቁ ማመንጫ የሚስማማው እንዲህ ላለው አገር ነው እንጂ ለደጋው ጓሮ አይደለም። ሁለተኛውና የሚበልጠው ትምህርት ግን፥ ጨረታ ተሸንፎና ውል ተፈርሞ ሳለ ሥራዎቹ በተባለው ጊዜ ወደ ግንባታ ሳይደርሱ መቅረታቸው ነው። ውል ተፈረመ ማለት ማመንጫ ቆመ ማለት አይደለም። የውጭ ምንዛሪ፥ የባንክ ብድር፥ የመንግሥት ዋስትናና የኃይሉ መሸጫ ዋጋ ሁሉ በአንድነት እስኪስማሙ ብዙ ዓመት ያልፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ ሳይስማሙ ይቀራል።

ይህ ነገር በሀዲያ ወይም በከምባታ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደ ነበር እናስተውል። ሹሙ ውል ተፈረመ ሲባል ፈጥኖ ገበሬውን ቢያስነሣ፥ እንሰቱ ይነቀላል፥ ቤቱ ይፈርሳል፥ ኩባንያው ግን አይመጣም። መሬቱም ታጥሮ፥ አረም በቅሎበት፥ ለማንም ሳይሆን ይቀመጣል።

አራተኛ፤ ስለዚህ ነገር በእጃችን ያለው ሕግ

የከተማ ፕላንም ሆነ የገጠር መሬት ሕጎቻችን ስለ ፀሐይ ማመንጫ ቦታ በተለይ የተጻፈ ምዕራፍ የላቸውም። ይሁን እንጂ ሹሙ ያለ ሕግ አልተተወም፤ ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ይበቁታል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፥ እንደማይሸጥ እንደማይለወጥም፥ ገበሬውም ከይዞታው እንዳይነቀል ጥበቃ እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 44 በመንግሥት ሥራ ምክንያት የተነሣ ሰው ተመጣጣኝ ካሣ እንደሚገባው፥ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ በሚነካው ሥራ ላይ አሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ከሆነ ወዲህ ባለ ርስት ተብሎ መሬት ሸጦ የሚሰጥ ሰው የለምና፥ ከአንድ ሀብታም ወይም ከአንድ ሽማግሌ ጋራ ተዋውያለሁ የሚል ጠያቂ ቢመጣ ያ ውል ቦታ አያሰጥም።

የገጠሩን ነገር የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ይመራል። የከተማውን ነገር የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ና የከተማ ቦታን በሊዝ ስለ መያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ይመሩታል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ የሚከፈለውን ካሣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይወስናል፤ ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1336 ስለ ተሻሻለ ሁለቱን ጐን ለጐን አድርጎ ማንበብ ያስፈልጋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ጥናትና ፈቃድ ሳይገኝ ሥራ እንዳይጀመር ይከለክላል።

የሥልጣኑንም ድንበር መለየት ይገባል። ኃይል ለማመንጨት ፈቃድ የሚሰጠው በፌዴራል ደረጃ ያለው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው፤ በትልልቁ መሥመር ኃይሉን የሚገዛው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ለቤቶች የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ከግል ኩባንያ ጋራ በሽርክና የሚሠራው ትልቅ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 1076/2010 ይመራል። ወረዳውና ከተማው በነዚህ ላይ ሥልጣን የላቸውም፤ ሥልጣናቸው በቦታው ላይ ነው። ነገር ግን ቦታ ከሌለ ሥራው ሁሉ አይኖርምና፥ ይህ ሥልጣን ትንሽ አይደለም።

አምስተኛ፤ ሌሎች አገሮች ያደረጉት

መሬት የጠበባቸው አገሮች ከእኛ አስቀድመው ይህ ጭንቀት አግኝቷቸዋል። ዓመቶቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንገልጻለን።

የጃፓን የእርሻ ሚኒስቴር በ2005 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፥ በእርሻ ላይ ከፍ ብሎ በተተከለ እግር ሰሌዳ እንዲሰቀልና ከሥሩ እርሻው እንዲቀጥል ፈቀደ። ነገር ግን ፈቃዱ ለጊዜው ብቻ ነው፤ የምርቱም መጠን ከአካባቢው መካከለኛ ምርት ከመቶ 80 በታች እንዳይወርድ አዘዘ። ፈረንሳይ በ2015 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግና በ2016 ዓ.ም. በተከተለው ደንብ የሚፈለገውን ምርት ወደ መቶ 90 አደረሰችው። ኢጣልያ በ2016 ዓ.ም. በእርሻ መሬት ላይ በምድር የሚተከል ሰሌዳን በብዙው ከለከለች። ጀርመን በ2015 ዓ.ም. ከታላላቅ የመኪና መንገዶችና ከባቡር ሐዲዶች ጐን እስከ 200 ሜትር ያለው ስፍራ ለፀሐይ ማመንጫ እንዲቀልል አደረገች፤ በመንገድ ዳር ያለው መሬት አስቀድሞ የተነካ ነውና።

እነዚህ አገሮች ገበሬአቸው ከእኛ ገበሬ ይልቅ ሰፊ መሬት እያለው እንዲህ ከተጠነቀቁ፥ በግማሽ ሄክታር የሚኖር ሕዝብ ያለን እኛ ይልቁን መጠንቀቅ ይገባናል።

ስድስተኛ፤ ለከተሞችና ለወረዳዎች የሚመከር የቦታ ደንብ

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሕግ ሳይሆን ምክር ነው፤ በየምክር ቤቱ ተመክሮበትና ከሕጉ ጋራ ተስማምቶ ደንብ ሊሆን ይችላል።

ሀ. በከተማ። ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት መቀመጫ ስለ ሆነች፥ የመንግሥት ቤት፥ ትምህርት ቤት፥ ሆስፒታልና መጋዘን በብዛት ይገኝባታል። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ነው። በነዚህ ጣሪያዎች ላይ የሚሰቀል ሰሌዳ ከማንም መሬት አይወስድም። 1 ኪሎ ዋት ለመስቀል 5 ወይም 6 ካሬ ሜትር ይበቃል፤ ስለዚህ ርዝመቱ 30 ሜትር፥ ወርዱ 8 ሜትር የሆነ የትምህርት ቤት ጣሪያ ግማሹ ብቻ ቢያዝ 20 ኪሎ ዋት ያህል ይሰጣል። ሰሌዳው ከነብረቱ በካሬ ሜትር ከ12 እስከ 15 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፥ ጣሪያው በባሕር ዛፍ ማገር የቆመ ከሆነ አስቀድሞ መሐንዲስ ይመርምረው። የመብረቅ መከላከያ ሽቦም ወደ ምድር ይውረድ።

ከተማው አዲስ መዋቅራዊ ፕላን ሲያዘጋጅ ወይም አሥር ዓመቱ የደረሰውን ሲያድስ፥ ለምድር ማመንጫ የሚሆን ቦታ ካስፈለገ በካርታው ላይ አስቀድሞ ይመልከት። የሚመረጠውም ከኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ ያለ፥ ድንጋይ የወጣለት የቆየ ጉድጓድ፥ ወይም ለቤት መሥሪያ የማይሆን ስፍራ ነው። የከተማ ወሰን ሲሰፋ አብሮ የሚገባው የገበሬ ጓሮ ግን ከተማ ውስጥ ገብቷል ተብሎ ብቻ እንደ ባዶ ቦታ አይቈጠር።

ለ. በወረዳ። መሬቱ በሦስት ደረጃ ይለይ። በአንደኛው ደረጃ የእንሰት ጓሮ፥ የቡና መሬት፥ በመስኖ የሚለማ መሬት፥ ረግረግና የውሃ ምንጭ ይግቡ፤ በነዚህ ላይ ማመንጫ አይፈቀድ። በሁለተኛው ደረጃ የእህል ማሳና የወል ግጦሽ ይግቡ፤ በነዚህ ላይ የሚፈቀደው ሌላ ቦታ መታጣቱ በጽሑፍ ሲረጋገጥ፥ ሰሌዳውም ከሥሩ ከብት ወይም በግ እንዲሰማራ፥ ሣርም እንዲታጨድ ሆኖ ከፍ ብሎ ሲተከል ብቻ ይሁን። በሦስተኛው ደረጃ የተራቈተና የማያበቅል መሬት፥ የመንገድ ዳርና የመንግሥት ግቢ ይግባ፤ ማመንጫው አስቀድሞ ወደነዚህ ይመራ። ቆላ ወደ ሆነው ወደ ጎምቦራና ወደ ሶሮ ምዕራብ ሲሄዱ ሦስተኛው ደረጃ ይሰፋል፤ ወደ ዶዮገናና ወደ አንጋጫ ሲወጡ ግን ይጠባል።

ሐ. ስለ ተዳፋትና ስለ ጎርፍ። ተዳፋቱ የበረታ መሬት አይፈቀድ። በሚፈቀደውም ላይ አፈሩ አይጠረግ፤ ከረድፉ በታች የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቈፈር፥ በቦዩም አፍ ደሾ ሣር ይተከል። ከበታች ያለው ገበሬ በጎርፍ ቢጐዳ ካሣውን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ በውሉ ይጻፍ።

መ. ስለ ርቀት። ማመንጫው ከመኖሪያ ቤት፥ ከቤተ ክርስቲያን፥ ከመስጊድና ከመቃብር ስፍራ ምን ያህል እንዲርቅ ቀበሌው ከሽማግሎች ጋራ ተማክሮ በሜትር ይወስን። ወደ ምንጭና ወደ ገበያ የሚወስደው የቆየ የእግር መንገድም በአጥር አይዘጋ።

ሰባተኛ፤ ስለ ካሣ

መሬቱ በእርግጥ መወሰድ ካለበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ ሥርዓቱን አበጅቷል። ባለ ይዞታው ከመነሣቱ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ሊመከር፥ ካሣውም ሳይነሣ ሊከፈለው ይገባል፤ ቅር ያለውም በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት ይችላል። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ሳይገኝለት ለዘለቄታው የሚነሣ ገበሬ፥ ከመነሣቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ካገኘው ገቢ ከፍ ያለው የአንድ ዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሣ ይከፈለዋል።

በዚህ ስሌት የሚሳሳተው ማባዛቱ ሳይሆን የሚባዛው ነው። ለምሳሌ አንድ ቤተ ሰብ በዓመት 15,000 ብር የሚያወጣ እህልና ቡላ ቢሸጥ፥ 25,000 ብር የሚያወጣ ቆጮ ደግሞ በቤቱ ቢበላ፥ እውነተኛው ገቢ 40,000 ብር ነው፤ በ15 ሲባዛ 600,000 ብር ይሆናል። ገማቹ የተሸጠውን ብቻ ቢቈጥር ግን ካሣው 225,000 ብር ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ 375,000 ብር ነው፤ ይህም ገበሬው ለልጆቹ ሌላ ኑሮ የሚያቆምበት ገንዘብ ነው። እንሰቱን የሚንከባከቡትና የሚፍቁት ብዙውን ጊዜ ሴቶች ስለ ሆኑ፥ ቆጠራው የቤቱ እመቤት ባለችበት ይደረግ፤ እያንዳንዱም የእንሰት እግር በዕድሜው ተለይቶ ይጻፍ። የደረሰው እንደ ደረሰ፥ ችግኙም እንደ ችግኝ ይገመት።

የናቡቴን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። አክዓብ መጀመሪያ ያቀረበው ግፍ አልነበረም፤ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን ብር እሰጥሃለሁ ነበር ያለው። ግፉ የመጣው በኋላ ነው፤ እንቢታውን ለመስበር የሐሰት ምስክርና የንጉሥ ማኅተም በተጨመረ ጊዜ። ሕግ የሕዝብን ጥቅም ያስቀድማልና የገበሬው እንቢታ ሁልጊዜ ሥራውን አያስቀርም፤ ነገር ግን የስብሰባው መዝገብ ያልተባለውን ተባለ፥ ያልፈረመውን ፈረመ የሚል ከሆነ፥ ያ መዝገብ ለናቡቴ ከተማ ሽማግሎች የተላከው ደብዳቤ መሆኑን ልብ እንበል።

ስምንተኛ፤ ከጠያቂው የሚፈለጉ ነገሮች

ጠያቂው ሲመጣ ሹሙ እነዚህን ሁሉ በጽሑፍ ሳይቀበል ቦታ አይለካለት።

1. ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የተሰጠ ፈቃድ ወይም ፈቃዱ በሂደት ላይ መሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ።

2. ኃይሉን የሚገዛው ማን እንደ ሆነና በየትኛው መሥመር እንደሚገባ የሚያሳይ ስምምነት።

3. የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናትና የሕዝብ ምክክር መዝገብ፤ መዝገቡም በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ለሕዝቡ የተነበበ መሆኑ።

4. የግንባታው ገንዘብ መዘጋጀቱን የሚያረጋግጥ የባንክ ሰነድ። ይህ ሳይቀርብ ቦታው በካርታ ላይ ብቻ ይያዝ፤ ገበሬውም ማረሱንና መሰብሰቡን ይቀጥል።

5. ሥራው በተወሰነው ጊዜ ካልተጀመረ መሬቱ ያለ ክርክር የሚመለስ መሆኑን የሚገልጽ ቃል።

6. ሰሌዳው 25 ዓመት ያህል አገልግሎ ሲያረጅ የሚነሣበትና መሬቱ እንደ ቀድሞው የሚስተካከልበት ገንዘብ፤ ይህም ከመጀመሪያው በባንክ ይቀመጥ። የአሮጌ ሰሌዳ መስታወትና የባትሪ አሲድ በገበሬ ማሳ ላይ እንዳይቀር ነው።

7. በማመንጫው ዙሪያ ያሉት ቀበሌዎች መብራት የሚያገኙበት ዕቅድ። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው የብሔራዊ ኤሌክትሪክ ማዳረሻ ዕቅድ፥ ከሕዝቡ ከመቶ 65ቱ በዋናው መሥመር፥ 35ቱም ከመሥመር ውጭ በፀሐይና በመሳሰለው መብራት እንዲያገኝ አስቦ ነበር። እንግዲህ መሬቱን የሰጠ ቀበሌ በኩራዝ ተቀምጦ መሥመሩ በላዩ አልፎ ሲሄድ ማየት አይገባውም።

ማጠቃለያ

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የፀሐይ ኃይል ለምን ያስፈልጋል የሚሉ ይኖራሉ። መልሱ ግልጽ ነው። ዝናብ ባነሰበት ዓመት የግድብ ውሃ ይቀንሳል፥ ፀሐይ ግን በዚያው ዓመት ትበረታለች፤ ደግሞም ከመሥመር የራቀ ጤና ጣቢያና የውሃ መሳቢያ ሞተር በጥቂት ሰሌዳ ወዲያው ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ሹሙ ሥራውን የሚጠላ አይሁን። የጣሪያውንና የትንንሹን ሥራ ፈጥኖ ይፍቀድ፤ ትልቁን ሥራ ግን በሚገባው ስፍራ ይምራው።

ክቡራን ሹማምንት፥ በዚህ ዓመት በየምክር ቤታችሁ ሁለት ነገር ብታደርጉ ይበቃል። አንደኛ፥ የየወረዳችሁን መሬት በተባለው በሦስቱ ደረጃ ከፍላችሁ በካርታ አስቀምጡ። ሁለተኛ፥ ገንዘቡ ሳይረጋገጥ ገበሬ የማይነሣ መሆኑን በቃለ ጉባኤ ወስኑ። ይህ ከተደረገ ጠያቂው ሲመጣ ሹሙ አይደናገጥም፥ ኩባንያውም ጊዜውን አያባክንም፥ ገበሬውም በጓሮው እንሰት ሥር ያለ ሥጋት ያድራል።